ይሉኝታ ባሕር አይሻገርም

ይሉኝታ እንደ ገብስ የደጋ ሰብል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያፈራል፣ አዲስ አበባ ላይ እንደ ነገሩ ይይዛል፣ አዋሽን ሲሻገር ይጠወልጋል፣ ድሬዳዋ ላይ ጭራሽ አይበቅልም። ይህን ያጠና ምሁር የለም። እኔ ግን ከደብረ ብርሃን ተነቅዬ ሃቫና የተተከልሁ በመሆኔ፣ በጉዳዩ ላይ ለመናገር ከብዙ ምሁር የተሻለ ሥልጣን አለኝ።

ዘመኑ 1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘ ወጣት በአብዛኛው ወይ ሶቪየት ኅብረት፣ ወይ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወይ ኩባ ይደርሰው ነበር። ሞስኮ የደረሰው ካፖርት ይደርባል፤ ኩባ የደረሰው የለበሰውንም ያወልቃል። ለኛ የመጀመሪያው ዓመት የመሰናዶ ዓመት ነበር፤ ሥራው ስፓኒሽ መማር ብቻ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተምሬያለሁ፣ ወረቀትም ተሰጥቶኛል። ሰው ያደረገኝ፣ ወይም እንደ አክስቴ አባባል ከሰው ተራ ያወጣኝ፣ ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ስሄድ ሙቀት ይጠብቀኛል ብዬ አልሰጋሁም። የጂኦግራፊ መምህራችን ሐሩር ክልል ማለት በካንሰርና በካፕሪኮርን መስመሮች መካከል ያለው ምድር ነው ብለውናል። ሃቫና 23ኛው ዲግሪ ላይ፣ ከካንሰር መስመር ጥቂት ብቻ ወደ ደቡብ ወርዳ የተቀመጠች ከተማ ናት። ደብረ ብርሃን ግን ገና 10ኛው ዲግሪ እንኳ አልደረሰችም፤ ለምድር ወገብ እጅግ ትቀርባለች። በካርታው ከሄድን እኔ ከሐሩሩ እምብርት ተነሥቼ ወደ ጠርዙ፣ ማለትም ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ መጓዜ ነበር። ካርታው ያልነገረኝ ከፍታን ነው። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከሆነ አገር ተነሥቼ ባሕር ዳርቻ ድረስ ወርጃለሁ። ሙሉ ልብሴን ከነከረባቱ ለብሼ፣ እናቴ ያሸከመችኝን ጋቢ በክንዴ ይዤ ከአውሮፕላኑ ስወርድ፣ ፊቴን የመታኝ አየር የሞተር ትንፋሽ መስሎኝ ፈጠን ብዬ ራቅሁ። ራቅሁ፤ አየሩ ግን አብሮኝ መጣ።

መጀመሪያ የተመታው የማዕድ ይሉኝታዬ ነው። እኛ ደገኞች ምግብ ሲቀርብልን ሳናደርስ የማናልፈው ሥርዓት አለን። «በልቻለሁ።» «ኧረ ትንሽ ቅመስ።» «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ።» «በሞቴ!» እጅ የሚታጠበው ከዚህ በኋላ ነው። በደረስን ሰሞን አንዲት መምህራችን ጥቂቶቻችንን ቤቷ ምሳ ጠራችን። ጥቁር ባቄላ በሩዝ፣ በነጭ ሽንኩርት ያበደ ዩካ የሚሉት ካሳቫ፣ የተጠበሰ ሙዝ ቀረበ። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስሁም ነበር፤ ቢሆንም ሥርዓት ነውና «በልቻለሁ» አልሁ። ሴትዮዋ «እሺ፣ ጥሩ» ብላ ሳህኑን ወደ ጎረቤቴ አሳለፈችው። በቃ። ሁለተኛ ዙር የለም፣ በሞቴ የለም። ጎረቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ነበር፤ የራሱን ድርሻ ተቀብሎ የኔንም ደረበበትና «አቦ ምግባቸው ይጣፍጣል!» እያለ ተረከልኝ። ያን ቀን ጠግቤ የተመለስሁት የምግቡን ሽታ ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ተገለበጠ። የ1977ቱ ድርቅ ፎቶግራፍና ፊልም ዓለምን ሲዞር ኩባም ደርሶ ኖሯል። የተማሪዎቹ ምግብ ቤት ኮሜዶር ይባላል፤ እያንዳንዱ ሰው ጎድጓዳ ክፍሎች ያሉትን የብረት ትሪ ይዞ ይሰለፋል። ጭልፋ ይዛ የቆመችው እናት ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ጭልፋው አየር ላይ ቆመ። ቀጭን መሆኔን ከላይ እስከ ታች ካጠናች በኋላ ሩዙን በሁለት ጭልፋ፣ ባቄላውን በሦስት ቀበረችብኝ። «በቃኝ» ብል አልሰማ አለች፤ «አይሆንም» ብል ጨመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ እምቢታዬ በዚያ ግቢ ዋጋ አጣ። እኔ የእህል አገር ልጅ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ገብስ ሞልቶናል ልላት ፈልጌ ነበር፤ ገብስ በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ግን ገና አልደረስንበትም። ደግሞም ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ጥቂት ሰዓት ሲኬድ መንገድ ዳር ምን እንደ ነበር አውቃለሁ። ስለዚህ ኩራቴን ከባቄላው ጋር ዋጥሁት። እሷ ቀና ስትል ባዶ ትሪ ታያለች፤ ደስ ይላታል፤ ደግሞ ትጨምራለች።

ከጎጃም የመጣ አንድ ጓደኛችንን ግን ሌላ ፈተና ገጠመው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ባቄላና ሩዝ ሲያይ «ይቺ አገር ሳታውቀው ክርስቲያን ናት» ብሎ ተደሰተ። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ወጥ ቤቱን ሲጎበኝ የባቄላው ጣዕም ከምን እንደሚመጣ አየ፤ የአሳማ ሞራ። ሥጋውን በፋሲካ እንኳ የማይነካውን እንስሳ በየጾሙ ቀን ሲጠጣው ከርሟል። ያን ዕለት ማታ ሲጸልይ ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር። ኩባዎቹ ምን ሆነ ብለው ሲጠይቁን፣ አብሮን የነበረ አንድ የደሴ ልጅ «ባቄላ እየተናዘዘ ነው» አላቸው።

ሁለተኛው የተመታው የሰልፍ ይሉኝታ ነው። በኩባ ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ምግብ በራሽን ደብተር ይታደላልና ሰልፍ የኑሮ አካል ነው። እኛም ለሰልፍ እንግዳ አልነበርንም፤ በቀበሌ ሱቅ በር ላይ ስኳር ስንጠብቅ አድገናል። የኛ ሰልፍ ግን የሚታይ ሰልፍ ነው፤ ሰው ቢደክመው በቦታው ድንጋይ ወይም ዘንቢል ያስቀምጣል። የነሱ ሰልፍ አይታይም። ሱቁ በር ላይ ሰው ተበትኗል፤ አንዱ ጥላ ሥር ተኝቷል፣ አንዷ ማዶ ቆማ ታወራለች። አንተ መጥተህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ኡልቲሞ?» ትላለህ፤ የመጨረሻው ማነው ማለት ነው። አንዱ እጁን ያወጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመጨረሻው አንተ ነህ። ሌላ ሰው መጥቶ ሲጠይቅ እጅህን አውጥተህ ማዕረጉን ታስረክባለህና ወደ ፈለግህበት ትሄዳለህ፤ ከፊትህ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ማወቅ ይበቃሃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መጮህ ለሚችል ሰው ነው። እኔ በማላውቀው ሕዝብ መሐል ድምፄን ከፍ ማድረግ አሳፍሮኝ፣ በ1966 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው ስመ ጥር አይስክሬም ቤት፣ ኮፔሊያ በር ላይ፣ በመልካም አስተዳደጌ ቆሜ ዋልሁ። ሰው እየመጣ፣ እየጮኸ፣ እየገባ፣ እየላሰ ሄደ። ዝም አይነቅዝም የተባለው በደጋ ነው፤ በዚያ ወበቅ ውስጥ ዝምታ ነቀዝ ብቻ ሳይሆን ሻጋታም ይይዘዋል።

ሃቫና ውስጥ የሚጮኸው ሰው ብቻ አይደለም። ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ካለው የካባኛ ምሽግ በየምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መድፍ ይተኮሳል። በስፔን ዘመን የከተማዋ ቅጥር በሮች መዘጋታቸውን ማሳወቂያ ነበር። ቅጥሩ ከፈረሰ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በር የለም፣ የሚዘጋ የለም፤ መድፉ ግን ሥራውን አላቆመም። ይህን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። እኛ ግን የመጣነው መድፍ ቀልድ ካልሆነበት አገር ነው። የመጀመሪያው ምሽት «ድም!» ሲል ከአፍታ በኋላ ሁላችንም አልጋ ሥር ነበርን። ኩባዊው የመኝታ ክፍል ጓደኛችን የእጅ ሰዓቱን አየና አንድ ደቂቃ ወደፊት ገፋው። ቀስ በቀስ ከአልጋ ሥር ስንወጣ እያንዳንዳችን የምንፈልገው ጫማ ነበረን። የጎጃሙ ልጅ ፈርቼ ነው ላለማለት በባዶ እጁ አልወጣም፤ የማንም ያልሆነ አሮጌ ካልሲ ይዞ ወጣ። ኩባዊው ሳቁን ሲጨርስ ኮሪደር ወጥቶ ለፎቁ በሙሉ አወጀልን። በማግሥቱ ግቢው ሁሉ ያውቀናል። ፍርሃት እንደዚያ በአደባባይ ሲወጣ ምንም እንዳልሆንን ሳይ ገረመኝ። ማንም አልናቀን፤ እንዲያውም መድፉ ሊተኮስ ሲል አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀን ሰው በዛ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ከተማው ሽር ጉድ ማለት ጀመረ። መስኮት ይታሸጋል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ ደጅ ያለ ዕቃ ሁሉ ይገባል፤ በየሬዲዮው «ኬት ትመጣለች፣ ኬት ደርሳለች» ይባላል። እኛ ደግሞ ትልቅ ባለሥልጣን ሲመጣ መንገድ የሚጠረግበት፣ አጥር የሚቀባበት ዘመን ልጆች ነን። የደሴው ልጅ በቁም ነገር «ጓድ ኬት የት ነው የምታርፈው?» ብሎ ጠየቀ። ኬት ኅዳር 10 ቀን 1978 ዓ.ም. መጣች፤ አውሎ ነፋስ ነበረች። ያረፈችውም የሰሜኑ ጠረፍ ላይ ነው። እኛ ኮሪደር ውስጥ ተኮልኩለን በልባችን ስንጸልይ፣ ኩባዎቹ የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው እየመቱ ዘፈኑ። ደገኛ ችግር ሲመጣ ድምፁን ይቀንሳል፤ እነሱ ከነፋሱ ጋር ይፎካከራሉ።

የጭፈራው ነገር ብቻውን አንድ ወግ ይወጣዋል። እኛ የምንጨፍረው ከወገብ በላይ ነው፤ ትከሻ፣ አንገት፣ ደረት። ወገብ የመቀነት ቦታ ነው፤ ሥራው ማሠር እንጂ መላላት አይደለም። እነሱ ትከሻቸውን አሳርፈው ከወገብ በታች ያለውን ያሠሩታል። አንድ ቅዳሜ ማታ አንዲት ልጅ እጄን ይዛ ስትጎትተኝ ወገቤ እንደ ተወለደ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ለሥራ ተጠርቶ አያውቅም። ትከሻዬን አዋጥቼ ለማካካስ ሞከርሁ። ክበቡ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያም ሁሉም ትከሻውን መሞከር ጀመረ። በዚያ ምሽት አንድ ሙሉ ክበብ ኩባዊ አንገቱን ይዞ ሲያቃስት አደረ። ከዚህ የተማርሁት፣ አለመቻልህን ካልደበቅኸው ሰው አብሮህ ሊያቅተው ደስ እንደሚለው ነው።

  

ጥር ላይ ቀኑ ተራዬን ሰጠኝ። ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ሲመጣ የሃቫና ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህ ለደብረ ብርሃን የግንቦት ቀትር ነው። ለነሱ ግን አደጋ ነው፤ ያላቸውን ልብስ በሙሉ ይደርባሉ፣ ክፍል ይቀራሉ፣ ሲገናኙ ስለ ብርድ ብቻ ያወራሉ። የመኝታ ቤታችን ጠባቂ የነበሩት አሮጊት በሩ ላይ ሲንቀጠቀጡ አይቼ እናቴ የሸከፈችውን ጋቢ አውጥቼ ደረብሁላቸው። «ልጠቀም?» ብለው አልጠየቁም፣ «ኧረ አይገባም» አላሉም፣ ጎትተው እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። እኔም በተራዬ ደነቀኝ። ምንም ሳያንገራግር ለተቀበለ ሰው መስጠት እንዴት ደስ እንደሚል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አገሬ ላይ የሰጠሁት ሁሉ ግማሽ ደስታው በክርክር ያልቃል።

ዓመቱ ሊገባደድ ሲል የአገሬን ልጆች ለማየት ወደ ሌላ ደሴት ሄድን። ደሴቱ ከኩባ በስተ ደቡብ ያለ ነው፤ ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል ነበር፣ በ1970 ዓ.ም. የወጣቶች ደሴት ተባለ። ፊደል ካስትሮ ሥልጣን ሳይዝ የታሰረበት፣ ክብ ክብ ሕንፃዎች ያሉት ወኅኒ ቤት እዚያ ነው። ከባታባኖ ወደብ ኮሜታ በምትባል ፈጣን የሶቪየት ጀልባ ተሻገርን። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ እዚያ ተልከው አዳሪ ሆነው ይማሩ ነበር፤ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የሌሎችም አገሮች ልጆች ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ትምህርት ቤቶቹ በፍራፍሬ እርሻ መሐል የተተከሉ ናቸው። ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ የሚባለውን ትልቅ መራራ ብርቱካን ይንከባከባሉ፣ ይለቅማሉ። አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ የሚያስተምሯቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረዋቸው ነበሩ።

ልጆቹ ገና ከበር ሲያዩን «ምን አመጣችሁልን?» አሉ። ደገኛ ልጅ ቢሆን ኖሮ እናቱ ጀርባ ተደብቆ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከረሜላውን ከሩቅ ይሸት ነበር። እነዚህ ቦርሳችንን ራሳቸው ከፈቱት። ዘፈኑ፣ ጨፈሩ፣ በአማርኛ ጀምረው በስፓኒሽ ጨረሱ፤ ወገባቸው እንደ ኩባ፣ ትከሻቸው እንደ አገራቸው ይሠራል። አንዷ «ሃቫና ሰው ሁሉ እንዳንተ ቀጭን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚባለውን ነገር የሚያስተምር እናትና አክስት ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ነው ያደጉት። ታዲያ ይሉኝታ የሚባል ነገር ጨርሶ የለባቸውም ብዬ ደመደምሁ።

ድምዳሜዬ እስከ ማታ ድረስ ቆየ። እናቴ ከሸከፈችልኝ በርበሬ የቀረችውን ጥቂት በወረቀት ጠቅልዬ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ራት ላይ ወረቀቱን የተቀበለው ትልቁ ልጅ መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ትንንሾች ፈልጎ ሩዛቸው ላይ በጣቱ ነሰነሰላቸው፤ ከዚያ ሴቶቹን፣ ከዚያ ታሞ የተኛ ልጅ አለ ተብሎ የሱ ድርሻ ተቋጠረ። ለራሱ ሲደርስ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል፤ ወረቀቱን ላሰውና «ደርሶኛል» አለ። ያ ልጅ የሰው ዓይን አያሳፍረውም፤ ቦርሳዬን ሲበረብር አይቻለሁ። የታናሹን ሆድ ግን ያፍረዋል። እኔ በሃያ ዓመቴ የነበረኝ የተገላቢጦሹ ነበር። የሰው ዓይን እየፈራሁ ምሳዬን ለድሬዳዋ ልጅ ሳሳልፍ፣ የተራበ ሰው አጠገቤ ቢኖር ግን ማስተዋሌን እጠራጠራለሁ።

አገሬ ስመለስ ጣጣው ጀመረ። አክስቴ ቤት ዶሮ ቀረበ። «ብላ ልጄ» አለችኝ። «እሺ» ብዬ እንጀራ ቆረስሁ። አክስቴ «በሞቴ» ልትል ያነሣችውን እጅ የት እንደምታሳርፈው ጠፋት፤ ለደቂቃ ያህል ቆማ ቀረች። «አልጠገብሁም» ብዬ ስጨምርማ ወዲያውኑ እናቴ ዘንድ መልእክት ተላከ፤ «ልጁን ኩባ አበላሽተውታል፣ አንድ ጊዜ ሲሉት ይበላል።» እናቴ ግን አብራት አላዘነችም። «ዶሮው አለቀ?» ብላ ጠየቀች። አለቀ ተባለች። «እንግዲያስ ወጡ ጥሩ ነበር ማለት ነው» አለች።

አንድ ቀን ደግሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ መሐል ገብቼ፣ በለመደው አንደበቴ ጮክ ብዬ «የመጨረሻው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እጁን ያወጣ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ አዛውንት «የኔ ልጅ፣ እዚህ የመጨረሻ የለም፤ ሁላችንም አንደኞች ነን» አሉኝ። ታክሲው ሲመጣ እውነታቸውን እንደ ሆነ አየሁ።

አሁን ልጆቻችን ትምህርት ፍለጋ የማይደርሱበት ደሴት የለም። ሻንጣቸውን የሚያዘጋጁ እናቶች በርበሬና ጋቢ እንደሚሸክፉ አውቃለሁ፤ ይሸክፉ፣ ሁለቱም ያገለግላሉ። ለልጆቹ ግን የምለው አለኝ። ይሉኝታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ክፈሉት። ታናሻችሁ ሳይቀምስ እንዳትቀምሱ የሚያደርጋችሁን ግማሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትም አገር ቀረጥ አይጠየቅበትም። እንዳትጠይቁ፣ እንዳትጨፍሩ፣ ፈራሁ እንዳትሉ የሚያደርጋችሁን ግማሽ ግን ለአክስቶቻችሁ አደራ ትታችሁ ውጡ፤ እነሱ በደንብ ይጠብቁላችኋል፣ ስትመለሱም ከነወለዱ ያስረክቧችኋል። እስከዚያው፣ ሰው ቤት «ብሉ» ስትባሉ በመጀመሪያው ጥሪ ታጠቡ፤ አጠገባችሁ የድሬዳዋ ልጅ ሊኖር ይችላል።